የጥርስ ሐኪሙ ሌዘር ለምን ይጠቅማል? ለምንስ አይጠቅምም?

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ዳላስ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ደወለችልኝ። እናታችን ከጎጃም ልትጠይቀን መጥታ በመጀመሪያ ያረፈችው እሷ ዘንድ ነበር።

«እትዬ» አለችኝ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ። «እማዬ ጥርሷን ስትፍቅ ሲደማ አይቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ድዷ በሌዘር ካልታከመ ጥርሶቿ በሙሉ ይወልቃሉ አሉኝ። የጠየቁኝ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ኢንሹራንስ የላትም። ካርዴን ልሰጣቸው ነው፣ ምን ትያለሽ?»

ቀጠለችና «ትንሽ ከጨመራችሁ ድዷ ላይ ያለውን ጥቁር ነገር በዚያው በሌዘር እናጠፋላታለን ብለዋል» አለችኝ። ጥቁር ነገር የተባለው የእናቴ ንቅሳት ነው። ልጅ ሳለች በመርፌና በጥላሸት የተነቀሰችው፣ ስትስቅ ጥርሷን ይበልጥ የሚያነጣው ያ ንቅሳት። ከስልኩ ወዲያ የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ንቅሳቴም በሽታ ሆነ እንዴ ልጄ?»

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ሲሆን ሙያዬም እዚህ ሃይጂኒስት የሚሉት የጥርስና የድድ ንጽሕና ሥራ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ከ15 ዓመት በላይ በየቀኑ የሰው አፍ ውስጥ ሳይ ስለዋልኩ፣ ሌዘር ሲጠቅምም፣ እንዲሁ ለስሙ ሲሸጥም አይቻለሁ። ለእህቴ «ካርድሽን መልሺ፣ እማዬን ወደ እኔ ላኪያት» አልኳት። ከዚያም ሌዘር ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በስልክ ሳስረዳት አመሸሁ። ያንኑ ለእናንተም ሰፋ አድርጌ ላቅርበው።

ሌዘር ምንድን ነው?

ሌዘር ብርሃን ነው። ስሙ የተወሰደው ከአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ሲሆን፣ ትርጉሙም በግድ እንዲመነጭ በማድረግ የተጠናከረ ብርሃን እንደማለት ነው። አልበርት አንስታይን ሐሳቡን በቀመር ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1917 ነበር። የመጀመሪያውን ሌዘር ሠርቶ ያበራው ግን ቴዎዶር ሜይማን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሆን፣ ብርሃኑን ያወጣውም ሩቢ ከሚባለው ቀይ ዕንቁ ነው።

የአምፑል ብርሃን ቀለሙ የተደባለቀ፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚበተን ነው። የሌዘር ብርሃን ግን አንድ ቀለም ብቻ ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ ተሰልፎ የሚሄድ ስለሆነ፣ ኃይሉን በጠባብ ቦታ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ነጭ ነጠላና ጥቁር ካባ እኩል አይሞቁም። ሌዘርም እንዲሁ ነው። አንዱ ዓይነት በውኃ ይመጠጣል፣ ሌላው በደምና በጥቁር ቀለም ይመጠጣል። ስለዚህ «ሌዘር አለን» ማለት ብቻውን ብዙ ነገር አይነግራችሁም። ለአጥንትና ለጥርስ የሚሆነው መሣሪያ አንድ ነው፣ ለድድ የሚሆነው ሌላ ነው፣ ሳይቆርጥ ቁስል የሚያስታግሰው ደግሞ ሌላ።

ሌዘር ጥርስ ላይ የተሞከረው ገና በጠዋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሊዮን ጎልድማን የተባሉ የቆዳ ሐኪም የሩቢ ሌዘር በገዛ ወንድማቸው ጥርስ ላይ አበሩ። ወንድምየው ራሳቸው የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ሕመም እንዳልተሰማቸው ተዘግቧል። ችግሩ ሙቀቱ ነበር። በዚያ ዘመን ጥርስ ለመቦርቦር የሚበቃ የሩቢ ብርሃን በጥርሱ ውስጥ ያለውን ሕያው ነርቭም የሚያቃጥል ሆኖ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ነገሩ ብዙ ዓመታት ወስዶ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለድድ ሥራ የሚሆን የጥርስ ሐኪም ሌዘር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1990፣ ጥርስ የሚቦረቡረውን ደግሞ በ1997 ነው።

የተበላ ጥርስን በብርሃን መቦርቦር

ከልጅነታችን ጀምሮ የምንፈራው ያንን የመሰርሰሪያ ጩኸት ነው። ጥርስ የሚቦረቡሩት ሌዘሮች ኤርቢየም ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመነጩ ሲሆን፣ በጣም የታወቀው የሞገድ ርዝመቱ 2,940 ናኖሜትር ነው። ይህ ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ውኃ ግን እጅግ አድርጎ ይመጠዋል። ጥርስ ድንጋይ ቢመስልም ውስጡ ውኃ አለው። ብርሃኑ ሲያርፍበት ያ ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል፤ ሲፈነዳም በዙሪያው ያለውን ጥቃቅን የጥርስ ቅንጣት ፈንቅሎ ያወጣዋል። መሣሪያው እየሠራ ውኃ ስለሚረጭ ጥርሱ አይግልም። የተበላው ክፍል ደግሞ ከጤናማው የበለጠ ውኃ ስለሚይዝ ቶሎ ይነሣል፤ ጤናማው በተሻለ ይተርፋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? መንዘርዘር የለም፣ ያ ጩኸት የለም፣ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ብዙ ጊዜ ያለማደንዘዣ መርፌ መሥራት ይቻላል። መርፌ ለሚፈራ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በልጅነቱ የፈራ ሰው ጎልማሳ ሆኖም ሐኪም ቤት ይሸሻል፤ የሚመጣው ጥርሱ ከተበላሸ በኋላ ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያሉ ብዙ ወገኖች አጋጥመውኛል።

ጉድለቱም ሊነገር ይገባል። ሌዘር ከመሰርሰሪያው ይልቅ ይዘገያል። ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ ማደንዘዣ ያስፈልጋል። ቀድሞ የተሞላ የብር ሙሌት በሌዘር አይነሣም፤ ሙሌቱ ሜርኩሪ ስላለበት ሲግል የሚወጣው ተን ጎጂ ነው። ጥርስን ለዘውድ ሞርዶ ማዘጋጀትም የመሰርሰሪያ ሥራ ነው። ስለዚህ ሌዘር ያለው ሐኪም ቤት ሁሉ መሰርሰሪያም አለው። ሙሌቱም በሌዘር በተቦረቦረ ጥርስ ላይ ስለተሠራ ብቻ ዕድሜው ይረዝማል ማለት አይደለም።

ለድድና ለሥጋ

እኔ ካየሁት ሌዘር በእርግጥ ያስመሰገነው እዚህ ነው። ሥጋ የሚቆርጡት ሌዘሮች እየቆረጡ ትንንሽ የደም ሥሮችን ይዘጋሉ። ስለዚህ ደሙ ያንሳል፣ ሐኪሙ የሚሠራውን አጥርቶ ያያል፣ ብዙ ጊዜ ስፌት አያስፈልግም። ጥርስ ላይ የወጣ ትርፍ ድድ ለማንሣት፣ ከንፈርን ወይም ምላስን ቆልፎ የያዘ ክር ለመፍታት፣ በጉንጭ ውስጥ የበቀለ እብጠት ለማውጣት ይውላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ይህ ጥቅም ይበልጥ ይታያል። መድኃኒታችሁን ግን ለሐኪሙ ሳትናገሩ ማንም ምንም እንዳይቆርጥባችሁ፤ በራሳችሁም አታቋርጡት።

እዚህ ላይ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው የምርመራ ጉዳይ ነው። ከአፍ የወጣ እብጠት ምንነቱ እንዲታወቅ ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። በሌዘር ሙሉ በሙሉ ከተተነነ የሚመረመር ነገር አይቀርም። «አቃጥለን እናጠፋዋለን» የሚል ካጋጠማችሁ፣ ናሙናው ለምርመራ እንደሚላክ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ለወላድ እናቶች ነው። ሕፃኑ ጡት አልይዝ ሲል «የምላሱ ክር በሌዘር ይቆረጥ» ማለት እየበዛ መጥቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጽሑፍ ይህ ጥንቃቄ እንደሚያሻው አመልክቷል። ጡት የመያዝ ችግር ብዙ ሌላ ምክንያት ስላለው በመጀመሪያ የጡት ማጥባት ባለሙያ እርዳታ ይሞከር። መቆረጥ ካለበትም ሌዘር ከተራው መቀስ እንደሚሻል የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ የለም።

ሳይቆርጥ የሚረዳው ሌዘር

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን በጣም የማከብረው ሌላ አገልግሎት አለ። ኃይሉ ዝቅ ያለ ሌዘር አይቆርጥም፣ አያቃጥልም፤ ሴሎችን አነቃቅቶ እብጠትን ይቀንሳል፣ ሕመምን ያስታግሳል። የአንገትና የአፍ ካንሰር ኖሮባቸው ጨረር የሚወስዱ ሰዎች፣ እንዲሁም የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ የሚደረግላቸው ሕመምተኞች አፋቸው ውስጡ በሙሉ ሊላጥ ይችላል። ውኃ መዋጥ እንኳ ጭንቅ ይሆንባቸዋል። በካንሰር ደጋፊ ሕክምና ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ማኅበር ይህን ቁስል ለመከላከል ዝቅተኛ ኃይል ያለውን ሌዘር በመመሪያው ውስጥ አስገብቶታል። ከእናንተ መካከል በዚህ ሕክምና ላይ ያለ ዘመድ ያለው ቢኖር ሕክምናው ሳይጀመር የካንሰር ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህ በማስታወቂያ ብዙም አይነገርም፣ ማስረጃው ግን ጠንካራ ነው።

የድድ በሽታና ሌዘር

አሁን ወደ እናቴ ጉዳይ ልመለስ። ድድ የሚደማው በጥርስና በድድ መካከል ተሕዋስያን ሲሰፍሩ ነው። ቆሻሻው ሲቆይ ይጋገርና ሐኪሞች ታርታር የሚሉት ድንጋይ ይሆናል። ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጥራል፤ በኋላም ጥርሱን የያዘው አጥንት ይሟሟል። እኛ ይህን ኪስ በቀጭን መለኪያ እንለካለን። እስከ 3 ሚሊሜትር ጤናማ ነው፤ 4 ሲደርስ ትኩረት ይሻል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የሕክምናው መሠረት ሥሩ ድረስ ገብቶ ያንን ድንጋይ ፍቆ ማውጣት ነው። በማደንዘዣ፣ በእጅ መሣሪያና በሚንቀጠቀጥ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ይሠራል። ብርሃን አብርቶ መሄድ ድንጋዩን አያወጣም። የአሜሪካ የፔሪዮዶንቶሎጂ አካዳሚ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናቶቹን መርምረው ያወጡት መግለጫ፣ ሌዘር ከዚህ የተለመደ ጽዳት ጋር ሲታከል የሚጨምረው ጥቅም ውስን መሆኑን ያሳያል። ኪሳቸው በጣም ጥልቅ ለሆነ ሰዎች አንዳንድ የድድ ስፔሻሊስቶች በቢላ ቀዶ ሕክምና ፋንታ የሚጠቀሙበት የሌዘር ዘዴ መኖሩ እውነት ነው፤ ለተመረጡ ሕመምተኞች ሊረዳም ይችላል። እሱ ግን መሠረታዊው ጽዳት ተሠርቶ፣ ጥቂት ወራት ተጠብቆ፣ እንደገና ከተለካ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጥያቄ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። እናቴ ስኳር አለባት። ስኳር ያልተቆጣጠሩት ሰው ድዱ ይታመማል፤ የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን ይበልጥ ያስቸግራል። እህቴን አንድም ሰው ስለ እናታችን ስኳር አልጠየቃትም ነበር።

ጥርስ ማንጣት፣ ጥቁር ድድና ንቅሳት

«በሌዘር ጥርስ እናነጣለን» የሚለውን ማስታወቂያ ሁላችሁም አይታችኋል። ጥርሱን የሚያነጣው ፐርኦክሳይድ የተባለው ኬሚካል ነው። ብርሃኑ የሚጨምረው ዘላቂ ነገር ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜም መብራቱ ከነጭራሹ ሌዘር አይደለም። በተለይ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ወንጂንና ዝዋይን በመሳሰሉ ቦታዎች ያደጋችሁ ወገኖቼ ጥርሳችሁ ላይ ያለው ቡናማ ቀለም ውኃው ውስጥ ካለው ፍሎራይድ የመጣ ነው። በልጅነት፣ ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ ከውስጥ የተቀባ ስለሆነ ተራ ማንጣት እምብዛም አያስለቅቀውም፤ አንዳንዴም ነጩንና ቡናማውን ይበልጥ ያለያየዋል። ለእሱ ላዩን በስሱ መሞረድ ወይም በጥርስ ቀለም መሸፈን የመሳሰሉ ሌሎች ዘዴዎች ስላሉ ስለ እነሱ ጠይቁ።

ስለ ጥቁር ድድም ላንሣ። የብዙዎቻችን ድድ ጠቆር ይላል። ይህ ቆዳችንን የሚያጠቁረው ያው ሜላኒን ነው፤ በሽታ አይደለም። ሌዘር ያጠፋዋል፣ ግን ቀለሙ ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላል። ንቅሳትም በሌዘር ሊጠፋ ይችላል። የሚፈልግ ሰው ቢያስጠፋ መብቱ ነው፣ እኔም አልነቅፍም። ነገር ግን ይህ የመልክ ምርጫ እንጂ ሕክምና አይደለም። በሕክምና ስም ሊሸጥልን አይገባም። ድንገት የመጣ ወይም ቅርጹን የለወጠ አዲስ ጥቁር ነጥብ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነው፤ በሐኪም ይታይ።

ሙያዊ ነገርም ልጨምር። ለድድ የሚያገለግለው ዳዮድ የተባለው ሌዘር በጥቁር ቀለም የሚመጠጥ ነው። የካባውንና የነጠላውን ምሳሌ አስታውሱ። ጠቆር ያለ ድድ ቶሎ ስለሚግል ሐኪሙ የመሣሪያውን ኃይል ቀነስ ማድረግ አለበት። «እንደኔ ዓይነት ድድ ላይ ሠርተዋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም።

ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቦታ ፈቃድ ያለው የጥርስ ሐኪም ሌዘር ገዝቶ «የሌዘር ጥርስ ሕክምና» የሚል ሰሌዳ ሊሰቅል ይችላል። ጥርስ የሚቦረቡረው መሣሪያ ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ስለሚቆጠር ወጪውን ለመመለስ የሚደረግ ግፊት እንዳለ መዘንጋት አይገባም። ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚከፍለው ለተሠራው ሥራ እንጂ ለመሣሪያው ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ «የሌዘር ተጨማሪ» የሚባለው ከኪሳችሁ ይወጣል። አውሮፓም ሆነ ዐረብ አገር ያላችሁ አንባቢያን የክፍያው ሥርዓት ቢለያይም ጥያቄዎቹ ያው ናቸው፦

1ኛ. ሌዘሩ የሚሠራው ምንድን ነው? ያለሌዘር ቢሠራ ልዩነቱ ምን ይሆናል?

2ኛ. ዓይነቱ ምንድን ነው? ሐኪሙ ሥልጠና የወሰዱት የት ነው? ስንት ሰው ላይ ሠርተዋል?

3ኛ. የድዴ ኪስ ስንት ስንት ሚሊሜትር ነው? ልኬቱንና ራጁን ስጡኝ። ይህን የማግኘት መብት አላችሁ።

4ኛ. ዋጋው በዝርዝር ይጻፍልኝ። የጽዳቱ ስንት ነው፣ የሌዘሩ ስንት ነው?

5ኛ. ዛሬ ካልተሠራ ምን ይሆናል? ሕመም፣ እብጠትና ትኩሳት ከሌለ፣ ሌላ ሐኪም ለማማከር ሁለት ሳምንት ብትወስዱ የሚጎዳ ነገር እምብዛም የለም።

ሌዘሩ ሲበራ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ እናንተም ጭምር፣ ለዚያ ሌዘር የተሠራ መነጽር ማድረግ አለበት። መነጽር ካልተሰጣችሁ ከወንበሩ ተነሡ። አቅም ለሚያጥራችሁ ደግሞ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች በመምህራን ቁጥጥር ሥር በዝቅተኛ ዋጋ ያክማሉ፤ እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም አሉ።

የእናቴ ነገር

እናቴ ወደ እኔ መጣች። አንድ የትምህርት ቤት ክሊኒክ ወስጄ አስለካኋት። አብዛኛው ኪሷ 4 እና 5 ሚሊሜትር፣ ሁለት ቦታ ላይ 6 ነበር። በሁለት ቀጠሮ ሥሩ ድረስ ተጸዳላት። የስኳር መድኃኒቷ ተስተካከለ። መፋቂያዋን አላስጣልኳትም፤ በጥርሶቿ መካከል የሚገባ ትንሽ ብሩሽ ግን ጨመርኩላት። ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ አብዛኛው 3 ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ቦታ ብቻ 5 ቀረ። ደሙ ቆመ ማለት ይቻላል። የወጣው ገንዘብ ዳላስ ላይ ከተጠየቀው ሩብ አልሞላም።

ታዲያ ሌዘር ምንም አልሠራላትም? ሠርቶላታል። በምርመራው ጊዜ ጉንጯ ውስጥ፣ ደጋግማ የምትነክሰው ቦታ ላይ፣ አተር የምታህል እብጠት ተገኘች። እናቴ ለልቧ በየቀኑ አስፒሪን ትወስዳለች። የአፍ ቀዶ ሐኪሟ ቦታውን አደንዝዘው፣ በሌዘር ዙሪያዋን ቆርጠው እብጠቷን እንዳለች አወጧት፤ ወደ ላቦራቶሪም ላኳት። ደም የለም፣ ስፌት የለም። ማታ እንጀራዋን በቀስታ በላች። ውጤቱም ከሳምንት በኋላ ደኅና ሆኖ መጣ። ዳላስ ላይ ድዷን እንጂ ጉንጯን ያየላት አልነበረም።

ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ «ያ መብራት መልካም ነው» አለችኝ። «ነው፣ እማዬ» አልኳት፣ «ሥራውን ካወቁለት።» ከዚያም በመኪናው መስታወት ድዷን ገለጥ አድርጋ አየችና ፈገግ አለች። ንቅሳቷ በቦታው ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄ መጠየቅ ሐኪም መናቅ አይደለም። ደኅና ሐኪም ሲጠይቁት ደስ ይለዋል። ቸር እንሰንብት።